የቅንጣት ፈላጊው ሽማግሌዎች

ሥራዬን ለትውልድ ከተማዬ ለመካነ ሰላም ሰው ማስረዳት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ከአቶም የሚያንሱ ቅንጣቶች ባሕር ማዶ፣ ከመሬት በታች፣ እርስ በርስ ይላተማሉ፤ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ከግጭቱ ምን እንደወጣ በኮምፒውተር እበረብራለሁ። እናቴ ይህን ለጎረቤት ስታብራራ «ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች» ትላለች። ከዚያ ያለፈው ዘመድ ያስጨንቃል።

ሊያገባኝ የፈለገውም ሰው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ። አንዲት ቅንጣት ትኖር ይሆናል ስለተባለ ብቻ ለዓመታት ሲፈልጋት ኖሯል። አላገኛትም፤ አለማግኘቱንም በኩራት ጽፎ አሳትሟል። እኔም ሞኟ ትዕግሥቱን አይቼ ወደድኩት።

እንደ ወጉ ሽማግሌ ላከ። አጎቱ ከአዲስ አበባ መጡ፤ ከከተማችን አንድ ሼህና አንድ ቄስ ተጨመሩ። እኛ ጋ ሁለቱም ሲቆሙ ነው ልመና የሚያምረው። እኔ ለዚሁ ብዬ ወላጆቼ ቤት መጥቼ ጓዳ ሆኜ አዳምጣለሁ፤ ዐረብ አገር ያለችው ታላቅ እህቴም ስልኬ ላይ ሆና ታዳምጣለች።

«ልጃችሁ ምን ይሠራል?» አሉ አባቴ።

«እንደ ልጅዎ ነው። የማይታይ ነገር ይፈልጋል» አሉ ሼሁ።

«አገኘ?»

«ኢንሻአላህ ያገኛል።»

«ሁለት ፈላጊ በአንድ ቤት! ታዲያ ቤቱን ማን ሊጠብቀው ነው?» አባቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ለማንኛውም ታላቋ ልጄ ዐረብ አገር ናት፤ እሷን ሳላማክር ቃል አልሰጥም። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ብቅ በሉ» አሉ። ታላቋ ልጃቸው ስልኩ ውስጥ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

እኛ አገር ይህ እምቢታ አይደለም። በመጀመሪያው ልመና እሺ ያለ አባት ልጁ ቤት ያጣበበችበት ይመስላል። ስለዚህ ሽማግሌ ይመላለሳል፣ አባት ይግደረደራል፣ መጨረሻ ላይ ይመረቃል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ከአንድ የፊዚክስ ሊቅ በቀር።

ቅዳሜ ደረሰ። አባቴ አዲሱን ጋቢ ለብሰው፣ አጎዛ አስነጥፈው፣ በአዲስ አበባው መንገድ ከአቀስታ በኩል የሚመጣውን ሚኒባስ ሁሉ ከአጥሩ ሥር ቆመው ሲያዩ ዋሉ። ማንም አልመጣም። አመሻሽ ላይ ጋቢያቸውን አጣጥፈው «ምናልባት አበዛሁት» አሉ። አንጀቴን በሉት። በልጁ ደግሞ ያረረው አንጀቴ ሌላ ነው። ደወልኩ።

«አባትሽ አልፈቀዱም እኮ» አለኝ፣ ኀዘን የተቀመጠ ሰው መስሎ። «ላማክር ማለት በጨዋ ደንብ እምቢ ማለት ነው። አጎቴን በከንቱ አይልፉ አልኳቸው። ውጤቱ ግልጽ ነው።»

«ውጤት አልክ? ለዚያች ለሌለችው ቅንጣት ስንት ግጭት መረመርክ? አንድ አይተህ በቃኝ አልክ?»

«ግን አባትሽ…» ሲለኝ አላስጨረስኩትም።

«ለእሷ ያን ሁሉ ዓመት፣ ለእኔ አንድ ቅዳሜ?»

«ስንት ጊዜ ይበቃል?» አለኝ። የሰውየውን ነገር እዩልኝ፤ ቁጥር ፈለገ።

«አባቴ መግደርደር እስኪሰለቻቸው» ብዬ ዘጋሁበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ። ቄሱ ያለፈው ሳምንት የቀረነው የአጎትየው መኪና ተበላሽቶ ነው ብለው ዋሹ፤ ሼሁ «ወላሂ» ብለው አጸኑላቸው። የአባቴ ፊት በራ። ከዚያ ኮስተር ብለው «እህቷ ገና አልመለሰችልኝም፤ ለሳምንት ኑ» አሉና እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኟቸው። እምቢ ያለ ሰው እንዲህ አይሸኝም።

ሲመለሱ ጓዳ ብቅ አሉ። ጋቢው ገና ትከሻቸው ላይ ነው።

«ሦስተኛ ይመጣሉ?» አሉኝ። እየቀለዱ አልነበረም።

ያለ በቂ ማስረጃ አንድ ቃል እንዳልናገር የሠለጠንኩት እኔ «ይመጣሉ» አልኳቸው። ከዚያ ለልጁ ልደውል ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።