ጋሼ ከድር የፈጠሩት ቢራቢሮ

ዛሬ ፒያሳ ኬክ ቤት ውስጥ ከአብሮ አደጌ ከአሰለፈች ጋር ተጣላሁ። አስተናጋጇ የደም ግፊት ኪኒናችንን የረሳን መስሏት ውሃ አመጣችልን።

ነገሩ የተነሳው አሰለፈች ለልጅ ልጇ የድሮ ፎቶዋን ስታሳይ ነው። "በጃንሆይ ጊዜ ይህን ፋሽን አራዳ ያስገባሁት እኔ ነኝ" አለቻት።

እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ።

ያን ጊዜ ፊልም ላይ ተዋናይዋ የለበሰችው ቀሚስ ካማረን፣ አይተው እንዲሰፉልን ልብስ ሰፊያችንን ሲኒማ ይዘን እንገባ ነበር። እኔም ጋሼ ከድርን ይዣቸው ገባሁ። መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የቀሚሱን ጀርባ ስላላዩት ከራሳቸው ፈጥረው ትልቅ የጨርቅ ቢራቢሮ ሰፉበት።

አሰለፈች ያኔ "መጋረጃ ለብሰሽ መጣሽ?" ብላ ሳቀችብኝ። ፊልሙን ተራ፣ የማነበውን ልብወለድ የሥራ ፈት አለችው። ልብወለዱን ገልጣው አታውቅም።

ዛሬ ባሳየችው ፎቶ ላይ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ቢራቢሮው ወገቧ ላይ ጉብ ብሏል።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?" አልኳት።

"ከፊልሙ ነዋ። አይቼው ነው ያሰፋሁት።"

ፊልሙ ላይ የቀሚሱ ጀርባ ልሙጥ ነው። እሷ ያየችው እኔን ነው።

እናንተስ፣ በምርጫችሁ ስቆ ሲያበቃ ራሱ የለበሰው ወዳጅ አላችሁ? ጻፉልኝ። አስታራቂ ግን አልፈልግም።