የጠበቀ ፍሬን

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ታውቃለህ? የሚቃጠል ፀጉር ይመስላል፤ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። ባለፈው ሳምንት ልጄ መኪናዋን ሰርቪስ አስደርጋ በመጣች በማግስቱ፣ “ነዳጅ እንደ ውሃ ትጠጣለች! ጋራዥ ውስጥ ቀድተው ሸጠውብኛል!” እያለች ስትነጫነጭ፣ ያ ሽታ ከኋላ ጎማው በኩል መጣብኝ። ስልኳን አንስታ ልትሰድባቸው ስትል፣ “ማንንም ሌባ እንዳትዪ!” ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። ጮኼባት አላውቅማ።

በስልሳ ስድስቱ ረሃብ ቆቦ ላይ የእርዳታ መኪና ሾፌር ነበርኩ። የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ፣ መሪ ስለያዝኩ ብቻ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ። ሥራዬ ከቆቦ መጋዘን እህልና የዱቄት ወተት ጭኜ ከዋጃ ወዲያ፣ ቆላው ውስጥ ወዳለው መጠለያ ማድረስ ነበር። ቤንዚን በወር አንድ በርሜል ከደሴ ይመጣልናል። አንዱ በርሜል አሥራ አምስት ምልልስ ያደርሰናል። ይህ ማለት መጠለያው ያሉት ሕፃናት ወሩን ሙሉ ወተት አያጡም ማለት ነው።

አንድ ቀን ያቺን አሮጌ ፒክአፕ ደሴ ወስጄ ሰርቪስ አስደረግኳት። ዘይቷ ተቀየረ፣ ካንዴላዋ ተጠረገ፣ ፊልትሮዋ ታጠበ። በመጨረሻ መካኒኩን፣ “ፍሬኗን ደግሞ ጥብቅ አድርግልኝ” አልኩት። የመንገዱ ቁልቁለት ያስፈራኝ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ሾፌር ፈራሁ ይላል እንዴ?

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ጠጪ ሆነች። በአሥረኛው ምልልስ በርሜሉ ደረቀ። ካንዴላዎቹን አወጣሁ፣ መልሼ ጠረግኩ። ካርቡራቶሩን ፈትቼ በአፌ ነፋሁ፣ ቀኑን ሙሉ ምራቄ ቤንዚን ቤንዚን አለኝ። አሸዋው ነው አልኩ፣ ጭነቱ ነው አልኩ። ጭነት ስቀንስ መጠለያው ጎደለበት እንጂ መኪናዋ አልተሻላትም። ወተቱን የምታድለው አንዲት ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ነበረች፤ አለቃችንም እሷው ናት። “አለቀ ስላቸው እናቶቹ የሚያዩት አንተን መሰለህ? የእኔን ፊት ነው” አለችኝ።

ዘበኛችን የዚያው የቆቦ ቆላ ገበሬ ነበሩ። በሬዎቻቸው አልቀውባቸው፣ ሴት ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ይዘው ከተማ የገቡ ሽማግሌ። መኪናዋንና በርሜሉን ሲጠብቁ ያድራሉ፣ ለዚህም በቀን አንድ ጣሳ ዱቄት ይሰፈርላቸዋል። ሦስቱም የሚኖሩት በዚያች ጣሳ ነው። አንድ ምሽት መኪናዋን አቁሜ ስወርድ የኋላ ጎማዋን ዳሰስ አድርገው፣ “ልጄ፣ ይቺ የኋላ እግሯ ይግላል፤ የፊቱ እንዲህ አይደለም። ከብት እንዲህ ሲሆን ደኅና አይደለም” አሉኝ።

“ቆቦ ላይ የማይግል ምን አለ አባባ?” ብዬ ሳቅሁባቸው።

ሁለተኛው በርሜልም እንደዚያው ሲያልቅ ደሜ ፈላ። መኪናዋ ላይ ካጣሁት ሰው ነው አልኩ። ማታ በርሜሉን በዘንግ ለክቼ ጠዋት ደግሜ ብለካ ኖሮ ነገሩ በአንድ ሌሊት ይጣራ ነበር። የተናደደ ሰው ግን መች ይለካል? በማግስቱ ድሬሰሯ ባለችበት፣ “ቤንዚኑን ለማን ነው የምትሸጠው?” አልኳቸው። አንተ ነው ያልኳቸው፣ አባቴን የሚያህሉ ሰው። አሁንም ሳወራው ፊቴ ይግላል።

“ወላሂ፣ ልጄ፣ እጄን አላስነካሁትም።”

“መሐላ ቤንዚን አይሆንም!”

ድሬሰሯ አቀረቀረች። ሽማግሌው አልጮሁም። የተሰጣቸውን ካፖርት አውልቀው አጣጠፉና የመኪናዋ አፍንጫ ላይ አስቀመጡት። “አላህ ያውቃል” ብለው ሄዱ። ጣሳዋም በዚያው ቀረች።

በሦስተኛው ቀን ከመጠለያው ስመለስ፣ ታንከሯ ውስጥ የቀረችውን ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ አንዷ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቼ በፎሌ ለቀቅኳት። ጥቂት ሄዳ ቆመች። ቁልቁለት ላይ! ወርጄ የኋላውን ጎማ ብነካው ጣቴን ለበለበኝ፤ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። በክሪክ አንሥቼ በሁለት እጄ ላዞረው ብታገል እንቢ አለ። ፍሬኑ ከደሴ ጀምሮ እንደያዘ ነበር። ቤንዚኑን የሰረቀው ማንም አልነበረም፤ መኪናዋ ታስራ ስትጎተት ነው የነደደው። ጥብቅ አድርገው ያልኩት ደግሞ እኔው ነኝ። መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከንዴት ይሁን ከሐፍረት እንጃ።

ፍሬኑን በመፍቻ አላልቼ ወደ ቆቦ በረርኩ። ሽማግሌው ከልጃቸው ጋር የተጠለሉበት ግንብ ሥር ሰው የለም። ጎረቤቶቻቸው፣ “ዱቄቱ ሲቀርባቸው ልጃቸውንና ሕፃኑን ይዘው በጎብዬ በኩል በእግራቸው ሄዱ” አሉኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን ማን ይልቀመው? ሕፃኑ ገና መራመድ አልጀመረም ነበር።

ጎብዬ ስደርስ መንገዱ ግራና ቀኙ ሰው ነው። ነጠላ ተከናንቦ የተቀመጠውን ሽማግሌ ሁሉ ጎንበስ እያልኩ አየሁ። አንዳንዱ ዱቄት የምሰጠው መስሎት እጁን ይዘረጋልኛል። በመጨረሻ ለእርዳታ የሚመጣውን ሰው የሚመዘግብ ሰው አገኘሁና ነገርኩት፤ ሽማግሌ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ሕፃን።

“ወንድሜ፣ እንዲህ ያለው ዛሬ ብቻ ስንቱ አለፈ መሰለህ! በስም ካልሆነ አላገኛቸውም” አለና ደብተሩን ገለጠ። “ማን ልበል?”

ሰባት ወር አብሬያቸው ሠርቻለሁ።

“ዘበኛው” አልኩት።

ሰውየው ጣቱን ደብተሩ ላይ እንዳደረገ ቀሪውን እንድነግረው ጠበቀ።