እዬዬ እና የሸኮ ዳገት

ሌላው ሰው ቤንዚን ሲሸተው ራሱን ያመዋል፤ እኔን ሆዴን ባር ባር ይለኛል። በቀደም ታክሲ ስጠብቅ አንድ ባለ ሞተር ሳይክል ከጀሪካን ሲቀዳ አስፋልቱ ላይ አንጠባጠበው። ሽታው ሲመጣብኝ፣ ብታዪኝ፣ ታክሲው መጥቶ ሰው ጭኖ ሲሄድ እኔ እዚያው ቆሜ ቀርቻለሁ። ዓይኔ ላይ የመጣው ሚዛን ተፈሪ ያለው የአባቴ ግቢ ነው፤ ጭቃው፣ የተሰጣው ቡና፣ ከመኪና ሥር የወጣው የወንድሜ እግር።

ታላቅ ወንድሜ ያቺን መኪና ከጅማ ያመጣት ዕለት አባቴ ዞሯት ዞሯትና፣ «ሰው አትጭን፣ ቡና አትጭን፣ ምን ልትሠራ ነው የመጣችው?» አለ። አይፈረድበትም። ዕድሜውን በሙሉ ከቴፒና ከሚዛን ቡና ሲጭን የኖረ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ወገቡ እምቢ ሲለው ነው መሪውን ትቶ ግቢያችን ውስጥ ቡና መግዛትና ማድረቅ የጀመረው። ይህቺ ደግሞ ሁለት በር ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ ቀይ መኪና ናት። ሞተሯ ላይ ሱፐርቻርጀር የሚሉት ተገጥሞላታል፤ በቺንጋ ቀበቶ እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ነገር። ታዲያ ነዳጅ ሲረገጥ ያለቅሳል። እውነቴን ነው፣ ያለቅሳል! ሰፈሩ በሁለት ቀን ውስጥ «እዬዬ» ብሎ ስም አወጣላት።

ወንድሜ እጁ ወርቅ ነበር። አዲስ አበባ የእሽቅድምድም መኪና የሚያዘጋጅ አንድ ባለ ጋራዥ፣ «ራስህ አስተካክለህ ይዘሃት ና፤ ሥራ አለህ» ብሎታል። አባቴ ግን ሌላ ወንድ ልጅ የለውም፤ ቡናውን እንዲይዝለት ነበር ሐሳቡ። በእኛ ቤት ደግሞ ሳይመረቅ የሚወጣ ልጅ የለም። ወንድሜ የመኪና እብድ ይሁን እንጂ የአባቱን ምርቃት ረግጦ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ሲጨቃጨቁ ከርመው አንድ ቀን ምሳ ላይ አባቴ እጁን ታጥቦ ፍርዱን ሰጠ።

«እኔን አስቀምጠህ የሸኮን ዳገት አናቱ ድረስ ሳትቆም ካወጣችኝ መርቄ እሸኝሃለሁ። መንገድ ላይ ከቆመች ግን ትሸጣታለህ፤ እዚሁ ከእኔ ጋር ትሠራለህ። ተስማማን?»

«ተስማማን፣ አባዬ።»

ቀልድ እንዳይመስልሽ። የአባቴ ቃል አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ደግሞም ተንኮሉን አይቼበታለሁ፤ እዬዬ ዳገት ላይ እንደምታስል አሳምሮ ያውቃል።

ለምን እንደምታስል ወንድሜን ስጠይቀው፣ «አየሩን ታገኛለች፣ ቤንዚኑ ነው የማይደርስላት» አለኝ። «እንጀራ ተደርድሮልሽ ወጥ ቢጠፋ ምን ትሆኛለሽ? ያንቅሻል። እሷም እንደዚያ ናት። በዚያ ላይ ከረገጥኳት ሞተሩ ግሎ ፒስተኗ ይበሳል።» ስለዚህ ቤንዚኑን ማብዛት ነበረበት። ከአዲስ አበባ ጉልበት ያለው የቤንዚን ፓምፕ በአውቶቡስ አስመጣና ታንኩ ውስጥ ገጠመ። ቀጭኑን የቤንዚን ቱቦ በወፍራም ቀየረ፤ ሞተሩ ላይ ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮችም እንደዚሁ። መሪው አጠገብ ደግሞ የቤንዚኑን ግፊት የምታሳይ ትንሽ ጌጅ አሰረ። እኔ ያኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ እጠብቅ ስለነበር ሙሉ ቀን መፍቻ ማቀበል ሆነ ሥራዬ። ፀጉሬ፣ ቀሚሴ፣ የምበላው እንጀራ ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር።

«ይህቺን ቀስት እያት» አለኝ ጌጇን በጣቱ እየነካ። «ከወደቀች እግሬን ማንሳት አለብኝ። ካላነሳሁ ሞተሩን ቀበርኩት ማለት ነው።»

የቁርጡ ቀን ጠዋት አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ለቅሶ የሚሄድ ይመስል ኮስተር ብሎ ከፊት ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ተጣጠፍኩ። የበልግ ዝናብ ቀደም ብሎ ገብቶ የቡናው አበባ ፈክቶ ነበር፤ ሽታው በመስኮት እየገባ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። ከተማውን ለቀን ወጣን።

ዳገቱ ሲጀምር ወንድሜ ረገጣት። አቤት! ጀርባዬ ከመቀመጫው ተጣበቀ። እዬዬ እሪታዋን ለቀቀችው፤ ሳል የለ፣ ምን የለ፣ ወደ ላይ! ከፊታችን የነበረ ቡና የጫነ አይሱዙ አልፈነው ስንሄድ የቆመ ነው የሚመስለው። የወንድሜን ዓይን በመስታወቱ አየሁት፤ ይስቃል። አባቴ አንድ እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጎ «ቀስ! ቀስ በል አንተ ልጅ!» ይላል፤ እሱም ግን ከንፈሩ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ነበረው። ሾፌር አይደል!

ግማሹን እንዳለፍን ቀስቷ ወረደች።

መጀመሪያ ትንሽ ነው፤ የመንገዱ መንገጫገጭ መሰለኝ። ከዚያ እንደገና ወረደች። ወንድሜ ማርሽ ቀነሰ። «አይደረግም» አለ። «ፓምፑ አዲስ ነው። ፊልትሩ አዲስ ነው።» ለማን እንደሚናገር አላውቅም። እኔ ከኋላ ሆኜ ማርያምን፣ ገብርኤልን፣ የማውቀውን ሁሉ እጠራለሁ። እዬዬ አንዴ አሳለች። ሁለተኛ አሳለች። ከሥሬ፣ ከታንኩ በኩል፣ ቆርቆሮ ሲጨመደድ የሚሰማው ዓይነት «ቷ» የሚል ድምፅ መጣ። አባቴ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ መለስ አደረገ።

«እግርህን አንሳ!» ብዬ ጮህኩ። «ይበሳብሃል!»

አነሳ። ምን ያድርግ? መኪናዋ ተንገጫግጫ፣ ዳር ይዛ፣ ቆመች።

ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ጣሪያው ላይም ጫካው ውስጥም ይሰማል። ያ ያለፍነው አይሱዙ እያጓራ መጥቶ አልፎን ሄደ። ወንድሜ ግንባሩን መሪው ላይ አሳርፎ ቆየ። አላለቀሰም፤ ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቁልፉን ነቅሎ ለአባቴ ዘረጋለት።

«በቃ፣ አባዬ። እሸጣታለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ቡናው ጋ ነኝ።»

አባቴ ቁልፉን ተቀበለ። የፈለገው ሆነለት። ልጁ እጁ ገባ፣ ያውም በራሱ አፍ። ታዲያ ምነው ፊቱ አመድ መሰለ? ቁልፉን በአውራ ጣቱ እያሻሸ የፊቱን መስታወት ያያል፤ አንዴ ደግሞ እንደመዞር ይልና መልሶ ይተወዋል። «ምን ሆነሃል? ያምሃል እንዴ?» አልኩት። በሩን ከፍቶ በዚያ ዝናብ ወረደ።

ወደ ኋላ ሄዶ የታንኩን ክዳን ሲፈታ ሰማሁት። ክዳኑ ሲላቀቅ ታንኩ «ፉሽሽሽ» ብሎ አየር ሳበ፤ ውኃ ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ ሰው። ወንድሜ ቀና አለ። ሁለታችንም ወርደን ስንደርስ አባቴ ከታንኩ አፍ ውስጥ የተሰረጎደ ፌስታል እየጎተተ ያወጣል።

አንቺ የመኪና ሰው ስላልሆንሽ ላስረዳሽ። ታንክ ቤንዚን ሲወጣለት በቦታው አየር መግባት አለበት። የእኛ አገር ሾፌር ደግሞ ልማዱ ነው፤ ክዳኑ ያረጀ እንደሆነ ዝናብ እንዳይገባ ፌስታል አልብሶ ያጠብቀዋል። በአባቴ አሮጌ ከባድ መኪና ምንም አልሆነም ነበር። የወንድሜ አዲስ ፓምፕ ግን ጉልበተኛ ነው፤ መግቢያ የሌለውን ታንክ ሲመጠው፣ ሲመጠው፣ በመጨረሻ የሚመጠውም አጣ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ። ባርኔጣውን መኪና ውስጥ ትቶት ውኃው በሽበቱ ላይ ይወርዳል። «ትናንት ደመናውን አይቼ... ውኃ እንዳይገባባት ብዬ ነው። እግዜር ያውቃል፣ ለክፋት አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«እሷ አልቆመችም። እኔ ነኝ ያቆምኳት።» ቁልፉን መልሶ እጁ ላይ አደረገለት። «በል ንዳ።»

ነዳ። እንዴት እንደወጣች አትጠይቂኝ፤ እኔ እንባዬን ስጠርግ ነው አናቱ ላይ የደረስነው። አባቴ እዚያው መንገድ ዳር ሁለት መዳፉን ዘርግቶ መረቀው። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፤ ክፉ አይንካህ፤ ከሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ» አለው። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመ።

ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው አባቴን የጠየቅኩት፤ ቡና እያበጠርን። «ዝም ብትል ኖሮ እኮ ማንም አያውቅም ነበር» አልኩት።

«ቁልፉን ሲሰጠኝ እጁን ነካሁት» አለ። «በረዶ ሆኖ ነበር። ያንን እጅ ቤት አስቀምጬ ምን ላደርገው ነው?»

ወንድሜ አሁን የራሱ ጋራዥ አለው፣ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት። ሚዛን ለበዓል ይመጣል፣ አባታችንን ሊቀብር መጥቷል፤ ሊኖር ግን አልተመለሰም።

ያኔ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ጠዋት ዝናቡ ይወርዳል። እናቴና እኔ በር ድረስ ወጥተን እጃችንን አውለበለብን። ከመንገዱ ማጠፊያ ሲሰወር ዞር ብል አባቴ ከጎናችን የለም። ግቢው ውስጥ፣ መኪናዋ ያደረችበት ቦታ ላይ ቆሟል። ሌላው መሬት ጭቃ ነው፤ እሷ ሥር የነበረው ብቻ ገና ደረቅ ነው፣ በእሷ ቁመትና በእሷ ወርድ። ጠብታው ከዳር ዳር እየገባበት ነው።

«ግባ እንጂ፣ ትበሰብሳለህ!» አልኩት።

«መጣሁ» አለኝ ቀና ሳይል። «እስኪርስ ድረስ ነው።»