የሁለቱ ዲስኮች ውድድር

ከዲምቱ እስከ ቢጠና እየዞርኩ፣ የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩ የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሽማግሌዎችን ድምፅ ቀድቻለሁ። ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ኮምፒውተሬ በሊኑክስ ስለሚሠራ፣ ድምፆቹን በየትኛው የፋይል ሥርዓት፣ ማለትም ዲስኩ ፋይሎችን በሚይዝበት ደንብ፣ ባስቀምጥ ይሻላል ብዬ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረውን ሰላማዊትን አማከርኳት። ሁለት ዲስክ አዘጋጀችልኝ፤ አንዱን በኤክስት ፎር፣ ሌላውን በቢትርኤፍኤስ።

«ኤክስት ፎር ፈጣን ነው ጋሼ። ሌላው ቀርፋፋ ነው፤ ግን ጠንቃቃ ነው፣ የጎደለውን አይደብቅም።»

«እናወዳድራቸዋ!» አልኩና ሰዓቴን ይዤ ሁለቱንም እኩል አስጀመርኩ።

ፈጣኑ በስድስት ደቂቃ ጨረስኩ አለ። ቀርፋፋው ገና እየገለበጠ ሳለ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ቆጠርኩ። ፈጣኑ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስም አለ፤ ቀርፋፋው ላይ መቶ ዘጠና ስምንት ብቻ።

«በቃ፣ ፍርዱ ተሰጠ» አልኩ።

«ጋሼ፣ ስም ብቻ አይቁጠሩ። እየከፈቱ ያዳምጡ እንጂ!»

«ልጄ፣ እኔ ቆጥሬ ተሳስቼ አላውቅም።»

ቦታ እንዳይይዝብኝ ብዬ ኮምፒውተሬ ላይ የነበረውን ዋናውን ቅጂ ያኑ ዕለት አጠፋሁት።

ባለፈው ሳምንት ዲምቱ ለቅሶ ቤት፣ የሟቹን ድምፅ እንዳሰማ ተጠራሁ። ለቀስተኛው ወደ እኔ ዞረ። ከፈጣኑ ዲስክ ፋይሉን ከፈትኩ። ለካ ጨረስኩ ቢልም፣ መብራቱ ሲጠፋ ስሙ ተጽፎ፣ ድምፁ ገና አልተጻፈም ነበር። ከስሙ ጎን መጠኑ ዜሮ ይላል።

የሟቹ ባለቤት ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ ብላ ጆሮዋን ሰጠች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ትንሽ ከፍ ያድርጉልን።»