ሰው ያልመጣበት ጅጌ

እናቴ ጣሳዎቹን አጥባ ከጨረሰች በኋላ እንደገና ማጠብ ስትጀምር ነው ነገሩ የገባኝ። ፀሐይ ወጥታ የድንጋዩን ግድግዳ አሙቃለች። በዚህ ሰዓት ማጭዳቸውን በትከሻቸው ያንጠለጠሉ ሰዎች እየተቀላለዱ፣ ውሻችንን እየሰደቡ ዳገቱን ጨርሰው መግባት ነበረባቸው። ዳገቱ ግን ባዶ ነው። ውሻው ራሱ ግራ ገብቶት አንዴ መንገዱን፣ አንዴ እኛን ያያል።

ጅጌ ጠርተን ነበር። በእኛ አገር አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይወጣው ሥራ ሲገጥመው ጎረቤቱን ይጠራል። የተጠራው ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል። ሌላ ክፍያ የለም። ካልታመመ ወይም ሐዘን ካልያዘው በቀር ከጅጌ የሚቀር ሰው የለም። ደግሶ ሰው የቀረበት ቤት ሰምቼ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው የእኛ ሆነ።

ጠላው ደርሷል። የገና ጾም ገብቶ ስለነበር ባቄላና ስንዴው ተቀቅሎ፣ ዳቦው ተቆርሶ ተከድኗል። ገብሱ ደግሞ ከደረሰ ሰንብቷል። ዛላው አንገቱን ደፍቶ ነፋስ በነካው ቁጥር ይረግፋል። ከቆላው በኩል የሚወጣው ደመና ሰሞኑን ያለ ወቅቱ እየጠቆረ ያስፈራራናል። ዝናብ ከጣለበት የዓመት ቀለባችን እዚያው መሬት ላይ ይበቅላል። እኛ ሦስታችን ብቻችንን ብናጭደው እኩሌታው ላይ ሳንደርስ አብቅቶለታል።

ቤታችን የመጨረሻው ቤት ነው። ከእኛ በላይ ያለው ጓሳው ነው፤ ሣር፣ ነፋስና ጭላዳ ዝንጀሮ። አባቴ ጎጆ ሲወጣ ማንም ያልፈለገውን ያንን ጫፍ ሰጡት። ሣሩን ከነሥሩ ገልብጦ፣ በኩበት እሳት አፈሩን እያቃጠለ፣ ውርጭ በሚያድርበት መሬት ላይ ገብስ አበቀለ። መሐል ሜዳ ከተማ ስማር ልጆቹ «አንቺ የተቃጠለ አፈር ትሸቻለሽ» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይሳካልኝ ቀርቶ ወደዚያው አፈር ተመለስኩ። ቀን በግ እያየሁ፣ ጭላዳ እያባረርኩ በቃሌ ግጥም እገጥማለሁ። ቀበሌው ውስጥ «ባለ ግጥሟ» ይሉኛል። ግማሹ ሙገሳ፣ ግማሹ ፌዝ ነው።

ያ መሬት ግን ባዶ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች በግ ያሰማሩበት ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ ዝምተኛና ረጅም ሰው፣ አባቴ አዲስ ማሳ በከፈተ ቁጥር ይመጣና ወሰኑ ላይ ይቆማል። አይናገርም፤ ይቆማል ብቻ። አንድ ቀን አባቴ ንዴቱን መያዝ አቅቶት በሰው ፊት «ብትሞት አልቀብርህም!» አለው። እኛ ዘንድ ይህ ተራ የቁጣ ቃል ነው፤ ወንድም ለወንድሙም ይለዋል። ኋላ ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ። አምና ጅጌ ስንጠራ ሰውየው ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ሲያጭድ ዋለ። ምሳ ሲቀርብ ግን ዳቦውን ይዞ ከነዶው ክምር ጀርባ ሄዶ ብቻውን በላ።

«አየሽው?» አለኝ አባቴ ቀስ ብሎ። «ፊቴን እያየ ዳቦዬን መብላት እንኳ አልፈለገም። ቂሙ አልለቀቀውም።»

ያ ሰው ዘንድሮ በኅዳር ሞተ። እኛ ሁላችን ላይኛው ማሳ ላይ የጥበቃ ጎጆ ሠርተን፣ ጭላዳውን በወንጭፍና በጅራፍ እየተከላከልን እዚያው እናድር ነበር። ስልካችን ባትሪ ሊሞላ ወደ ታች መንደር ተልኮ ነበር። የእድሩ ጥሩምባ ተነፍቷል፤ ነፋሱ ግን ወደ ቆላው ነበርና አልሰማነውም። ከማሳው ስንወርድ ሰውየው ከተቀበረ ሰንብቷል።

እናቴ በዚያው ሰዓት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ «ተነስ እንሂድ» አለች። አባቴ «ነገ» አለ። በማግሥቱም «ነገ» አለ። ለአንድ ቀን ያፈረ ሰው በሁለተኛው ቀን የሚያፍረው እጥፍ ነው። በመጨረሻ ያ ሞት እኛ ቤት ውስጥ ስሙ የማይነሣ ነገር ሆነ። ገብሱ ሲደርስ አባቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆሞ ጅጌ ጠራ። ሁሉም «እሺ፣ እንመጣለን» አሉት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ማንም «ምን ልሥራልህ፣ ምን ይዤ ልምጣ» አላለም። እሺ ብቻ ነው ያሉት። ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ።

ረፋዱ ላይ አንድ ሰው ብቻ መጣ፤ የአባቴ የአክስት ልጅ፣ ጠላ ባለበት ሁሉ የማይታጣው።

«ቤቶች! ጅጌው የት ገባ? ቀድሜ መጣሁ ወይስ ዘግይቼ?»

«ቀድመህ ነው» አለ አባቴ። ደህናውን ኮቱን ለብሶ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ቆሟል።

«ቀድሜማ አላውቅም። ሥራው ሲያልቅ ነው እኔ የምደርሰው።»

እናቴ ጠላ ቀዳችለት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሳ ተቀብሎ ሳይጠጣ ሲይዘው አየሁ።

«አንተ፣ ማንም አይመጣም እኮ። ልንገርህ ወይስ ጠጥቼ ልሂድ?»

«ተናገር።»

«ሰዉ ‹አልቀብርህም ብሎት ነበር፣ አልቀበረውም፤ ቃሉን አክባሪ ነው› ይላል። ‹እንግዲህ ገብሱንም ብቻውን ይቅበረው› ይላል።»

«ጥሩምባውን አልሰማሁም! ከነፋስ ጋር ልሟገት?»

«እሱንስ አምነንህ ነበር። ቀብሩን ተወው። ሣልስቱስ? ሰባቱስ? እግርህንም ነፋስ ያዘው?»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ዘመዳችን ጠላውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ጣሳውን ለእናቴ በሁለት እጁ መለሰላት። እሱም አፍሮልን ነበር መሰለኝ።

«ልሂድ ብል እንኳ አሁን እንዴት እሄዳለሁ?» አለ አባቴ፣ ዘመዳችን ከወጣ በኋላ። «ለገብሱ ብሎ መጣ ይሉኛል።»

«ይበሉሃ!» አለች እናቴ። «ለገብስህ አይደለም እንዴ? ለገብስህም ነው፣ ለሟቹም ነው። ሁለቱም እውነት ነው። እውነቱን ይዘህ ሂድ።»

ጠላውን ወደ ጄሪካን መገልበጥ ጀመረች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሐዘን ቤት ባዶ እጅ አይኬድም።»

«የጅጌ ጠላ ይዤ?»

«ሌላ ጠላ አለህ? ሌላው ገና እዚያ ማሳ ላይ ቆሟል።»

አህያዋ ላይ ጠላውን ጫንን። ዳቦውን እናቴ፣ ንፍሮውን እኔ አዘልን። ቁልቁል ስንወርድ እያንዳንዱ አጥር ዓይን ነበረው። አብራኝ የተማረች ልጅ ከካቡ ጀርባ ብቅ ብላ «ጅጌው ወደ ታች ሆነ እንዴ?» አለችኝ። ሌሎች ሲስቁ ሰማሁ፤ ፊታቸውን አላየሁም። ጀርባዬ ላይ ያለው ንፍሮ ገና ትኩስ ነበር፤ የሚያቃጥለኝ ግን ጆሮዬ ነው።

ያን ጊዜ ምን እያደረግሁ እንደነበር ልናገር። ግጥም እየገጠምኩ ነበር። ሐዘን ቤት ስንደርስ ሴቶቹ አልቅሺ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አንድ ስንኝ ብቻ፣ ጥርት ያለ፣ ሰዉን ዝም የሚያሰኝ ከመጣልኝ ሁላችንንም ከዚህ እፍረት አወጣለሁ ብዬ አሰብኩ። ወንዙን ስንሻገር መጣልኝ። ደስ አለኝ። ወላጆቼ አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ እኔ በውስጤ ቤት እየመታሁ ነበር።

አጥሩ ጋ ስንደርስ አባቴ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ገባ። ድምፁ ተሰበረ። ከተቀመጡት ውስጥ ማንም አብሮት አላለቀሰም። እንጨት ላይ የተቀመጡት ወንዶች ጠጋ አሉለት እንጂ ቀና ብለው አላዩትም። የሟቹ እናት የመነኩሴ ቆብ ያደረጉ አሮጊት ናቸው፤ መደቡ ላይ በባና ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቀሪው ልጃቸው አለ፤ ጠጉሩን ለሐዘን ተላጭቷል።

«ባለ ግጥሟም መጥታለች» አለች አንዷ። «በይ እንጂ፣ ለዚህ ቤት ምንም የለሽም?»

ነጠላዬን አስተካክዬ አወጣሁት፦

ነፋሱን ክሰሱት፣ እኛን አትክሰሱ፤
የጥሩምባውን ድምፅ በልቶብን ነው እሱ።

ዝም አሉ። አንድ ሰው «እሰይ» ያለ መሰለኝ። እሜቴ፣ የሟቹ እናት፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ዓይናቸው ደርቋል።

«ያምራል ልጄ» አሉ። «ነፋሱም አለበት። ጥሩምባውም አለበት። እናንተም አላችሁበት። ልጄ የታለ?»

ከዚያ በኋላ ስለ እኔ የሚነገር የለም። ምድር አልተከፈተችልኝም፤ የንፍሮውን ድስት እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እስከዛሬ ግጥም ባሰብኩ ቁጥር ያ ጥያቄ ቀድሞኝ ይቀመጣል።

አባቴ ነው የመለሰላቸው። ተንበርክኮ ነበር።

«ነፋስ አይደለም፣ እማሆይ። ነፋሱ ያስቀረኝ ከቀብሩ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያስቀረኝ እፍረቴ ነው። አምና በድግሴ ላይ ፊቱን ሲያዞርብኝ አልታረቀኝም ብዬ ተቀየምኩት። የሞተም ሰው ተቀየምኩ።»

እሳቸው አህያዋን አዩ።

«ይህ የምን ድግስ ነው?»

እናቴ ልትናገር አፏን ስትከፍት አባቴ ቀደማት። «የጅጌ ነው። ደገስን፤ ሰው አልመጣልንም።»

ቤቱን ሙሉ ሰው ያወቀውን ነገር ነው የተናገረው፤ ግን በገዛ አፉ ሲለው ጆሮዬን መድፈን አማረኝ።

«የጅጌ ጠላ ላብ ሳይቀድመው አይጠጣም» አሉ እማሆይ። «መልሳችሁ ውሰዱት።»

መለስነው። ሙሉውን። ስንወርድ ያየን ሰው ሁሉ ስንወጣም አየን። በዚያ ዳገት ላይ አህያዋ አንዳንዴ ቆማ ትተነፍሳለች። ቤት ስንደርስ አባቴ ኮቱን አውልቆ፣ ማጭዱን ስሎ ብቻውን ወደ ማሳው ሄደ። ተከተልነው። እስኪመሽ አጨድን። ያጨድነው ከቆመው ጋር ሲተያይ የአይጥ ግጦሽ ይመስል ነበር።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ውሻው ጮኸ። ወጥቼ አየሁ። ዳገቱ ላይ ፊት ፊት የሚመጣው የተላጨው ልጅ ነው። ከኋላው መንደሩ፤ ሁሉም ማጭድ ይዟል።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ እጁን የሚያደርግበት አጣ።

«ወንድሜ… አንተ እንዴት… አንተማ ሐዘን ላይ ነህ።»

«እናቴ ጠላው እንዳይሆመጥጥ ብላለች» አለ ልጁ። ሳቀም አልሳቀም ማለት አልችልም። «የቱ ጋ እንጀምር?»

የሐዘንተኛው መኖር ሰዉን ስለከበደው በዚያ ቀን አልተዘፈነም። አጫጆች ሁልጊዜ ይዘፍናሉ፤ ባለ ማሳውን ያወድሳሉ፣ ሰነፉን ይሰድባሉ። የዚያን ቀን የማጭዱ ድምፅ ብቻ ነበር። ከቀብሩ የቀረንበት ሰው ወንድም ከሁሉ ፊት ፊት እያጨደ ነዶውን ይጥላል። እኔ ከኋላው እየሰበሰብኩ እንደዚያን ቀን ውለታ ከብዶኝ አያውቅም። ቢሰድቡን ይቀለን ነበር።

ምሳ ሲሆን ዳቦ አዞርኩ። ለእሱ ስሰጠው እንደ ምንም ደፈርኩና «ወንድምህ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ለግጥም እንደሆነ ያወቀብኝ መሰለኝ።

«ምን ብዬ ልንገርሽ… ሰው ፊት መብላት ያፍር ነበር» አለ። «ከልጅነቱ ጀምሮ። ድግስ ላይ ድርሻውን ይዞ ክምር ጀርባ ነው የሚሄደው። ሚስቱ ‹ካገባኝ ዓመቱ፣ ሲያኝክ አላየሁትም› እያለች ትስቅበት ነበር።»

ሌሎቹም ሳቁ፤ በዚያ ቀን የተሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አዎ፣ ሠርግ ላይ እንኳ ከበረት ጀርባ አግኝተነዋል» አለ አንዱ።

አባቴ ጠላ እየቀዳ ነበር። ጣሳው ሞልቶ እጁ ላይ ሲፈስ አላየውም። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ ወደ ክምሩ ጀርባ ሄደ፤ ሥራ እስኪጀመርም አልተመለሰም። ማንም የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም።

ደመናው ሳይደርስ ገብሱ ተከመረ። እየበላነው ነው።

ግጥሙን እስካሁን አልጨረስኩትም። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ዳቦውን ይዞ ከክምር ጀርባ የቆመ ረጅም ሰው አለ። ሁለተኛው ላይ በደረስኩ ቁጥር እኛ እንገባበታለን፤ እተወዋለሁ።