ዳማ እና የብብቴ ቂጣ

ቆዩኝ፣ መጀመሪያ ሳቄ ይውጣልኝ። የበቆሎ ቂጣ ባየሁ ቁጥር እንዲህ ነው የሚያደርገኝ፤ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ፣ እንባዬን እጠርጋለሁ፣ ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ ንዴቱ ይመጣና ጥርሴን እነክሳለሁ። የእህቴ ልጆች «አክስቴ፣ ዛሬም በዚያ ውሻ ነው?» ይሉኛል። አዎ፣ ዛሬም በዚያ ውሻ ነው። ከውሻውም ይልቅ በአጎቴ ነው። ዋናው የሚያስቀው ኋላ የሚመጣ ስለሆነ እሱን አሁን አልነግራችሁም፤ መናደዴን ግን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ነገሌ ቦረና ነበር፣ ወደ ወደራ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ግቢው በእሾህ የታጠረ፣ አፈሩ ቀይ፣ ነጭ ካልሲ አድርገን ከወጣን ቀይ ካልሲ አድርገን የምንገባበት። አባቴ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የእርሻ ቢሮ ጸሐፊ ነበር። ወተት የሚያመጡልን አኮ ሎኮ የሚባሉ የቦረና ባልቴት ነበሩ፤ አኮ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው፣ እኛም አያታችን ይመስል እንዲሁ እንጠራቸው ነበር። አባቴ ለልጃቸው ማመልከቻ ጽፎላቸው ነበርና አንድ ማክሰኞ በአህያቸው ላይ በተጫነው ቅርጫት ውስጥ ከወተቱ ጎን ቡችላ ይዘውለት መጡ። ከአባቴ ጋር አካም፣ ናጋ፣ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው ተባባሉ፤ የከብቱን ናጋ፣ የዝናቡን ናጋ፣ የልጆቹን ናጋ ጠያይቀው እስኪጨርሱ ቡችላው በቅርጫቱ አፍ ብቅ ብሎ እኔን ያየኝ ነበር። ቀይ ነው፣ አፍንጫው ጥቁር፣ ጆሮዎቹ ለራሱ የበዙበት፣ ወዲያና ወዲህ የሚንጠለጠሉ። ስሙን ዳማ አልነው።

አንድ ሰዓት ያህል የኔ ነበር። ከዚያ ጋሼ ደምሴ ከሥራ ገባ።

ጋሼ ደምሴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከምሥራቁ ጦር ሜዳ ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም፤ የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ተቀጥሮ እኛው ግቢ ውስጥ የዳሯን ክፍል ይዞ ይኖር ነበር። ከትእዛዝ በቀር ከአፉ ቃል አይወጣም። ራት ሲቀርብ ሳህኑን ይዞ ወደ ክፍሉ ይገባል፣ በሩንም ይዘጋል። ያኔ እኔ ኩራት ነበር የሚመስለኝ፤ እኛን ንቆ፣ ከልጅ ጋር አልበላም ብሎ። ስለ ውሻ ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ በዓለም የለም። ቡችላውን ከጉያዬ በአንገቱ ቆዳ አንጠልጥሎ ወሰደና በበሩ አጠገብ ካለችው ግራር ላይ በሰንሰለት አሰረው። ሰንሰለቱ ከቡችላው ይከብድ ነበር፤ ለመሄድ ሲሞክር ወደፊት መሄዱ ቀርቶ በአፍንጫው ይደፋ ነበር።

ሕጉንም ያን ዕለት አወጀ። ማንም አይነካውም፣ ማንም አያጫውተውም፣ የሚያበላው እሱ ብቻ ነው፣ እሱም በቀን አንዴ፣ በበርበሬ የተለወሰ፣ ኃይለኛ እንዲሆን። ቅዳሜ ደግሞ ከገበያ ምላጭ ያለው ሰው ይመጣና ጆሮዎቹን ይቆርጣቸዋል፤ ጆሮው ያልተቆረጠ ውሻ ሌባ ሲመጣ ይተኛል አለ። እናቴን አየኋት፣ አንገቷን ደፋች። አባቴን አየሁት፣ ጋዜጣውን ገለጠ። ዳማ በበርበሬው እያስነጠሰ ሲበላ፣ ከዚያ ውሃ ፍለጋ ምላሱን አውጥቶ ሰንሰለቱን ሲጎትት ሳይ፣ እግዜር ይየው፣ ያኔ በእጄ የነበረውን ጣሳ በጋሼ ደምሴ ጫማ ላይ ወረወርኩት። በጥፊ አለኝ። አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን እወረውረዋለሁ።

ቡችላው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያላዝን ሰነበተ። ጎረቤት ተናደደ፣ እናቴ ራሷን አሰረች፣ እኔ ትምህርት ቤት እየሄድኩ አለቅሳለሁ፣ እየተመለስኩ አለቅሳለሁ። በመጨረሻ ሐሙስ ማታ አባቴ ጋዜጣውን አጠፈና እንደ ዳኛ ፈረደ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ግቢው ውስጥ እንቆማለን፣ ሰንሰለቱ ይፈታል፣ ማንም አይጠራውም፣ ማንም ምግብ አያሳየውም። ቡችላው በፈቃዱ ሄዶ ማን እግር ሥር ከተኛ ባለቤቱ እሱ ነው፤ ስለ ጆሮውም የሚወስነው እሱ ነው። ጋሼ ደምሴ ይስማማኛል አለ። ምን አለበት? እስከዚያ እኔ መንካት አልችልም፣ የሚያበላው እሱ ብቻ ነው። ፍርዱ ፍርድ መሰላችሁ? እኔ ግን ከመናደዴ የተነሳ ራት አልበላም ብዬ ወደ ግቢው ወጣሁ፣ አኮ ሎኮ ዘንድ።

አኮ ሎኮ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ማታ ወተታቸውን ሸጠው ሲጨርሱ፣ ከተማው ዳር ወዳለው የልጃቸው ቤት ከመሄዳቸው በፊት የወተት ዕቃቸውን እኛ ግቢ ያጥኑ ነበር። እናቴ ከምድጃው ፍም ትሰጣቸዋለች፣ እሳቸው የወይራውን ስንጣሪ በፍሙ ለኩሰው ወደ ዕቃው አፍ ያስገቡና ክዳኑን ገጥመው ይንጡታል፤ ክዳኑ ሲከፈት ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ ፊታቸውን ይሸፍነዋል፣ ከጭሱ ውስጥ ደግሞ ተረት ይወጣል። እኛ ልጆች የምንወደው እሱን ነበር። አማርኛቸው ሲያልቅባቸው በኦሮምኛ ይቀጥላሉ፣ ኦሮምኛው ለእኛ ሲከብደን በእጃቸው ያሳያሉ፣ ፋኖሱ ደግሞ እጃቸውን በግድግዳው ላይ ዝሆን ያሳክለዋል። ያን ምሽት ግን ታናናሾቼ ራት ላይ ነበሩና ብቻዬን ነበርኩ። ጋሼ ደምሴ ክፍሉ ደፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርግ ነበር፤ ለተረት ሳይሆን ቡችላውን ከእኔ ለመጠበቅ።

የቡችላ ተረት ይንገሩኝ አልኳቸው። ድምፃቸውን ከወትሮው ከፍ አድርገው ጀመሩ።

ድሮ፣ ሰው ከውሻ ጋር መኖር ሳይለምድ፣ አንድ ቡችላ ወደ መንደር መጣና ዘጠኝ ሌሊት አለቀሰ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ምን ጎደለህ አሉት። የእናቴን ሽታ ጥዬ መጣሁ፣ እዚህ ደግሞ የኔ የሆነ ሽታ የለም አለ። ከብት የሞላው ሀብታም ወተት አመጣለት፤ ጠጣ፣ አለቀሰ። ጉልበተኛው ገመድ አመጣለት፤ ታሰረ፣ አለቀሰ። በመንደሩ ጥግ ደግሞ አንድ ሰው ነበር፤ መንገድ ሄዶ ሲመለስ የሚያውቁት ሰዎች ርቀው ሰፍረው ያገኘ፣ ከዚያ ወዲህ የሚያናግረውን ያጣ። ያለው አንድ ቂጣ ብቻ ነው፤ እሷንም ማንም እንዳይጠይቀው ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ብብቱ ሥር ይዟት ይውላል። ቡችላው አጠገቡ መጥቶ ሲያለቅስ ከዚያች ቂጣ ቆረሰለት። ቡችላው በላ፣ የሰው ሽታ ሆዱ ገባ፣ ተኛ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብብት ሥር የዋለ ቂጣ የበላ ውሻ ሌላ ሰው አያውቅም አሉና ዕቃቸውን ከደኑ።

ጋሼ ደምሴ «ኧረ የማይረባ ወሬ» ብሎ ጫማውን አንስቶ ገባ። እኔ ግን ልቤ ሊፈነዳ ነበር። መድኃኒቱን አገኘሁት አልኩ።

ዓርብ ፀሐይ ሳትወጣ ከማዕድ ቤት ሩብ የበቆሎ ቂጣ ሰርቄ ግራ ብብቴ ሥር ወተፍኩ፣ ላዩን ሹራብ ደረብኩ። በነገሌ ፀሐይ ሹራብ! እናቴ አሞሻል እንዴ ብላ ግንባሬን ዳሰሰች። የትምህርት ቤቱን መንገድ ሁሉ ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ እንደ ታመመ ዶሮ ሄድኩ። ፍርፋሪው ያሳክከኛል፣ ላቡ ይወርዳል፣ እኔ ግን ላቡ በወረደ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ሽታው እየገባ ነው።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። ያኔ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ግራ እጅን በጡጫ ወደ ሰማይ አንስቶ መፈክር ማሰማት ግድ ነበር። ግራ እጅን። ቂጣዬ ደግሞ የት ነው? ወደ ቀኝ ላዛውረው ጊዜ የለም፤ ሰልፉ ገጥሟል፣ መምህሩ መድረኩ ላይ ወጥቷል። ሁሉም ግራውን ሲያነሳ እኔ ቀኜን አነሳሁ። አምስት መቶ ጡጫ በአንድ ወገን፣ የኔ ለብቻው በሌላ ወገን።

መምህሩ መፈክሩን አቁሞ መጣ። ግራሽን አንሺ አለኝ። አመመኝ አልኩ። አንሺ አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ክንዴን ይዞ ወደ ላይ ጎተተው፤ ቂጣው በሹራቤ ሥር ተንሸራቶ፣ በቀሚሴ ወርዶ፣ መምህሩ ጫማ ላይ ዱብ። ትምህርት ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ዛሬ እኔም የምስቀው ያንን ሳቅ እየሰማሁ ነው። ያኔ ግን አልሳቅሁም። ምንድን ነው ይሄ ሲለኝ የውሻዬ ነው አልኩት፤ ያሾፍኩበት መሰለው። ጠጠር ላይ አንበረከከኝ። ቂጣዬን በጫማው ጫፍ ገፋው፣ የዘበኛው ፍየል መጥታ ዓይኔ እያየ በላችው። ጉልበቴ እየደማ ያቺን ፍየል የረገምኳትን ያህል ጠላቴን ረግሜ አላውቅም። ግማሽ ቀን ከዋለ በኋላ ሌላ ቂጣ ቢገኝ ምን ዋጋ አለው? ፀሐይዋ አልፋለች። ነገ ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምላጭ ያለው ሰውዬ በሩ ላይ በርጩማ ተሰጥቶት ተቀመጠ፤ ምላጩን በቆዳ ይስላል። አኮ ሎኮ ከገበያ ሲመለሱ አህያቸውን ይዘው ቆመው ያያሉ። አባቴ ሰንሰለቱን ፈታ።

ዳማ መጀመሪያ አልገባውም። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ወደ ኋላው አየ፣ የሚጎትተው የለም። እኔን አየኝ። አልጠራሁትም፣ ሕግ ነው፤ በዓይኔ ግን ስንቱን ለመንኩት። ወደ እኔ ሁለት እርምጃ መጣ፤ ከዚያ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ አሸተተና ዞረ። ቀጥ ብሎ ሄዶ ጋሼ ደምሴ እግር ሥር ደረሰ፣ በሱሪው ላይ ተንጠላጠለ፣ አላርፍ ብሎ ወደ ግራ ጎኑ ያንጋጥጣል፣ ጭራው ወገቡን ይዞት ይወዛወዛል።

አባቴ ቀረብ ብሎ አሸተተ። ከዚያ «ደምሴ፣ እስቲ ክንድህን አንሳ» አለው።

ጋሼ ደምሴ ፊቱ በርበሬ መሰለ። አመመኝ አለ። እናንተዬ፣ አመመኝ አለ! ያ ትልቅ ሰው፣ መትረየስ የተሸከመ ሰው፣ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ ልክ እንደ እኔ ቆሞ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ክንዱ ሲነሳ ግማሽ ቂጣ ወደቀ፣ ዳማ መሬት ሳይነካ ቀለበው። ለካ ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ መጋዘኑ ውስጥ ብብቱ ሥር ይዞ ውሎ፣ ማታም በርበሬውን ትቶ እሱን አብልቶታል። ቡችላው በልቶ ሲጨርስ ጫማው ላይ ጋደም ብሎ አገጩን አሳረፈና ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው። ጋሼ ደምሴ እንዳይቀሰቅሰው እግሩን ሳያንቀሳቅስ ብዙ ቆመ። ኋላ ራሱን ብቻ ወደ በሩ አዞረና ባለ ምላጩን «ሂድ ወንድሜ፣ ጆሮውን አላስነካም» አለው።

ሁሉም ደስ አለው። እኔ ነደድኩ። ጆሮው ተርፏል፣ አዎ፤ ግን በኔ ተረት፣ በኔ መድኃኒት፣ እኔ ጠጠር ላይ ተንበርክኬ! ዳማ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ ከሞተ በኋላ እንኳ ንዴቱ አልለቀቀኝም። ጋሼ ደምሴ ከዚያ ማታ ጀምሮ ሳህኑን ይዞ ወደ ክፍሉ መግባት እንደተወ፣ ደፉ ላይ ቡችላውን እግሩ ሥር አስተኝቶ፣ ቀስ በቀስም መሐላችን ተቀምጦ መብላት እንደጀመረ፣ አንዳንዴም ሲስቅ ጥርሱ የእኔን ጥርስ እንደሚመስል ያስተዋልኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ያኔ ማን ልብ ይላል። የወይራ ጭስ በሸተተኝ ቁጥር ያ ግቢ ይመጣብኛል፤ ፍሙ፣ ፋኖሱ፣ ደፉ ላይ ጫማ የሚጠርገው ሰው። ስንት ተረት ሰማሁ፣ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ይህን ግን እንዴት አድርጌ ልርሳው?

ያን ቅዳሜ ግን እንባዬና ንፍጤ ተቀላቅሎ አህያቸውን ወደሚያዞሩት አኮ ሎኮ ሮጥኩና ነጠላቸውን ጎተትኳቸው። እሱ እየሰማ ለምን ነገሩኝ፣ ቀስ ብለው በጆሮዬ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት፣ ተረቴን ሰረቀኝ ብዬ ጮህኩባቸው። ትልቅ ሰው ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው በወይራ ጭስ በጠቆረ አውራ ጣታቸው እንባዬን ጠረጉልኝና፣ ጫማው ላይ ውሻ ተኝቶበት ወደቆመው ሰው እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«ኢንታለ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ እናት አለሽ፣ አባት አለሽ። እኔ ተረቱን ለአንቺ ነው እንዴ የነገርኩት?»