ለሁለት ሰው የሚበቃ ጉልበት

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ መቀስ» ይለዋል። ከአፉ ጨዋታ የማይጠፋ፣ ምላጭ ይዞ እንኳ ደንበኛውን የሚያስቅ ሰው ነው። ስለ አሮጌው ሞተር ሳይክሉ ክፉ የተነሳ እንደሆነ ግን ፊቱ ቅጭም ይላል። ሞተሩ ለረጅም መንገድ የተሠራ ነው፤ ወንበሩ ሁለት ሰው ይይዛል፣ ግራና ቀኙ የብረት ሳጥን አለው፣ ከፊቱ ንፋስ የሚከልል መስታወት ቆሞለታል። ጋሽ መቀስ በዓመት አንዴ ሱቁን ዘግቶ፣ ልብስ ሰፊዋን ሚስቱን ከኋላው አስቀምጦ አገር ሊያይ ይወጣል።

ባለፈው ዓመት ግን ጉድ ፈላ። ከተራራው ማዶ ወዳለችው የሚስቱ እህት ሲሄዱ ሞተሩ የረጅሙ ዳገት ወገብ ላይ ሲደርስ ለገመ። ጋሽ መቀስ ማርሽ ቢቀንስ፣ ነዳጅ ቢሰጥ፣ ቢለማመጥ፣ ወይ ፍንክች! ሚስቱ ወረደች። ጥቂት በእግሯ እንደሄደች ሽንኩርት የጫነ መኪና ቆመላትና ከሾፌሩ ጎን ተሳፈረች። ባሏ ሞተሩን እያስቃሰተ ሲወጣ በመስኮት እጇን እያውለበለበች አለፈችው። ከዚያ ወዲህ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር «ባልሽ ደረሰ ወይስ ገና ዳገቱ ላይ ነው?» የማይላት የለም። እሷ ከልቧ ትስቃለች። እሱም ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

ዘንድሮ ለሞተሩ ጉልበት ሊጨምርለት ቆረጠ። ከቤቱ ጣሪያ ጥገና የተረፈችው ገንዘብ ለአንዱ ዕቃ ብትበቃ ለሌላው አትበቃም፤ ስለዚህ ምርጫው ጭንቅ ሆነበት። አማካሪ ግን ሞልቶ ነበር። ለመላጨት የተቀመጠ ሁሉ መካኒክ ሆነ።

«ማርሚታውን ቀይረው» አለው አንድ ታክሲ ነጂ፣ አገጩ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ። «ጭሱ በደንብ ካልወጣ ሞተሩ ይታፈናል። እኔ ዘንድ ትርፍ ማርሚታ አለ፣ ወስደህ ሞክረው።»

ወስዶ ሞከረው። ሲያስነሳው የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ጎረቤት ያለችው አራስ ሕፃኗን ታቅፋ ብቅ አለች። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «ምነው፣ ዘመቻ ልትሄድ ነው?» አለችው። አቀበት ላይ ሲፈትነው ደግሞ የጨመረው ጩኸቱ ብቻ ነበር። በማግስቱ አመስግኖ መለሰው።

ቀጥሎ መለዋወጫ ሻጩ ሰፋ ያለ ሲሊንደርና ትልቅ ፒስተን አሳየው። «ይሄን ካስገባህ አንበሳ ነው የምትጋልበው» አለው። ጋሽ መቀስ የሚያብረቀርቀውን ፒስተን በመዳፉ አገላበጠው፤ ልቡ ተሰረቀ። ማታ ራት ላይ ለሚስቱ ሲነግራት፣

«የተቀረው ዕቃ ይችለዋል?» ብላ ጠየቀችው።

«ሻጩ ይችለዋል ብሏል።»

«ሻጩማ ምን ይበል! መካኒኳስ ምን አለች?»

መካኒኳ ሙያውን ከአባቷ የወረሰች፣ ጥቂት የምትናገር ሴት ናት። ቅዳሜ ሁለቱም ጋራዧ ሄዱ። ሞተሩን አስነስታ አንገቷን ዘመም አድርጋ ካዳመጠች በኋላ፣

«ጋሼ፣ ትልቅ ፒስተን መጥፎ አይደለም» አለችው። «እሱን ካስገባን ግን ካርቡራተሩም ይቀየር ይላል፣ ፍሪሲዮኑም ይከተላል። ባለችው ገንዘብ ጅምር ሆኖ እንዳይቀርብዎት። መጀመሪያ ያለው ጉልበት የት እንደሚባክን እንይ።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረች። «እትዬ፣ ዳገቱ ላይ እርስዎ ከኋላ ሆነው ምን ተሰማዎት?»

ጋሽ መቀስ ደነገጠ። እሱ ይህን ጠይቋት አያውቅም።

«ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይጎትታል፣ ግን ይጮኻል» አለች ሚስቱ ሳታመነታ። «አራተኛ ሲያስገባ ደግሞ እንደ ደከመው ሰው ያቃስታል። ይሄ ሰውዬም እያስገባ ሲያወጣ፣ እያስገባ ሲያወጣ፣ ቆምን። በሁለቱ መሃል የሚሆን ማርሽ የጎደለ ነው የሚመስለኝ።»

መካኒኳ ሳቀች። «ስፌቱ ከሰለቸዎት እኔ ጋ ይምጡ፣ እትዬ።»

ውሳኔው እዚያው ተቋጨ። ዳገት ላይ ጉልበት እንዲያገኝ ካቴናውን የሚይዘው የኋላ ጥርስ ሰፋ ባለ ይቀየራል። ቫልቮቹ ይስተካከላሉ፤ ካርቡራተሩ ይጸዳል። መካኒኳ የአየር ፊልትሮውን ፈታ ስታራግፈው አቧራው ስላስነጠሳት እሱም በአዲስ ይተካ ተባለ።

«አንድ ነገር ግን ይወቁ» አለችው መካኒኳ። «በሜዳ መንገድ የድሮውን ያህል አይበርም።»

ጋሽ መቀስ ቅር አለው። «ምን ያህል ይቀንሳል?»

«ለማን ብለህ ነው የምትበረው?» አለችው ሚስቱ። ቀጥላም «ማዶ ያለው ቁልቁለትስ?» ብላ ጠየቀች። በተረፈችው ገንዘብ የፍሬን ሸራ ተቀየረ።

የጉዞው ቀን ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ጋሽ መቀስ ማርሹን ዝቅ አደረገ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አምና የቆሙበት ኩርባ ብቅ አለ። ፈርቶ ሦስተኛው ላይ ሙጭጭ አለ። ሚስቱ ትከሻውን መታ አደረገችና በጆሮው «ቀይረው!» አለችው። አራተኛን አስገባ። ሞተሩ አላቃሰተም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይቸኩል፣ ሁለቱን ከነጓዛቸው ተሸክሞ ወጣ። አናቱ ላይ ሲደርሱ ጋሽ መቀስ ከወንበሩ ሳይወርድ ብዙ ሰዓት የተሸከመውን ዕቃ እንዳወረደ ሰው እፎይ አለ። ዓይኑ ረጥቧል፤ «ንፋሱ ነው» አለ።

እህቷ ዘንድ ገና ምሳ ሳይደርስ ገቡ። እንዲህ ቀድመው ይደርሳሉ ብሎ የጠበቀ ስላልነበረ የሚተኙበት አልጋ አንሶላ ታጥቦ ገና ገመድ ላይ ነበር። ሁለት ቀን አርፈው እንደ ልማዳቸው ሊመለሱ ሲሉ ሚስቱ «መንገዱኮ እዚህ አያልቅም» አለች። እውነትም አላለቀም። ከዚያ ወዲያ አይተውት የማያውቁት ሐይቅ ዳር አደሩ፤ ጠዋትም ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ዳቦ በሉ።

እዚያ ሐይቅ ዳር ነው «እኔም መንዳት ልልመድ» ያለችው። ከተመለሱ በኋላ እሁድ እሁድ ባዶ ሜዳ ላይ ያለማምዳት ጀመር። መጀመሪያ ሞተሩ ብዙ ጊዜ ጠፋባት፣ አንዴም አጥር ላይ ወጣች። ውሎ አድሮ ግን እጇ ተፍታታና አንድ ቀን ባሏን ከኋላ ጭና እስከ ከተማው ዳር ወሰደችው። ሲወርድ ወገቡን ይዞ አነከሰ።

«ይሄ ወንበር ድንጋይ ነው እንዴ? ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻልሽው?»

«ነግሬህ ነበር» አለችው የራስ ቁሯን እያወለቀች። «ንፋሱ ወስዶት ይሆናል።»

በሳምንቱ ወፍራም ስፖንጅ ገዝቶ መጣ፤ እሷም በጥቁር ቆዳ ለበጠችው። ልኩን ስትወስድ ግን ከኋላ ወንበር ላይ ያስቀመጠችው እሱን ነበር።